የኦቦ ጃራ ወተትና ከሰማይ የወረደው አመድ

አሰጋሽ "ለምን?" ሳትል የምታሳልፈው ነገር የለም። አከራዬ ናት። ሱሉልታ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ግቢዋ አንዲት ክፍል ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ጥያቄዋን ግን ዛሬም አልለመድኩትም። "እትዬ" ብዬ ብጠራት "ገና ነኝ" ብላ ከለከለችኝ እንጂ ዕድሜዋስ ሃምሳን ተሻግሯል። ከታክሲ ወርጄ የግቢውን በር ስከፍት፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ "ኤልሲ፣ ጉንዳን ክረምት ላይ የት ነው የሚገባው?" ትለኛለች። እኔ የጥርስ ክሊኒክ ሠራተኛ ነኝ። ፒያሳ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ስመለከት ውዬ የጉንዳን አድራሻ ከየት ላምጣ?

ልማዱ የቆየ ነው። የተወለደችው ጉለሌ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት እያለች አንዱን አስተማሪ "ጨረቃ እኛ ስንሄድ አብራን የምትሄደው ለምንድን ነው?" ብላ ጠይቃ፣ "አትበጥብጪ" ተብላ ከክፍል ተባራለች። ይህን ስታወራ አሁንም ትናደዳለች። የሚያናድዳት መባረሯ ሳይሆን መልሱን ሳትሰማ መቅረቷ ነው። እናቷ ስትታመም ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተወችው። ከዚያ አገባች፤ ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ በሰላሳዎቹ ዕድሜዋ ላይ ሞተባት። የጉለሌው ሰፈር ሲፈርስ ባላት ጥሪት ሱሉልታ መጥታ ይህችን ግቢ አቀናች።

ሥራ ስትፈልግ አንድ የወተት አምራቾች ማኅበር ተረካቢ እየፈለገ ነበር። ከሷ በፊት የነበሩት ተረካቢዎች ጩኸቱ አስመርሯቸው ጥለው የሄዱ ናቸው። በማለዳ ወተቱ የተመለሰበት ሰው እንዴት እንደሚጮህ ያየ ያውቀዋል። አሰጋሽ ግን ሲጮሁባት "ለምን ትጮሃለህ?" ብላ ከልቧ ትጠይቃለች፣ መልሱንም ቆማ ትጠብቃለች። ለምን እንደሚጮህ የተጠየቀ ሰው ደግሞ መጮህ ያቅተዋል። እንዲህ ሆኖ ሥራው ላይ ቀረች።

ገና ሳይነጋጋ አባላቱ በአህያ፣ በባጃጅ፣ በትከሻ ጀሪካናቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። አሰጋሽ ላክቶሜትሯን ወተቱ ላይ ታንሳፍፋለች፤ ውሃ የተቀላቀለበት ከሆነ መለኪያው ጠልቆ ይሰምጣል። ቀጥላ ጥቂት ወተት ከአልኮል ጋር ታደባልቃለች፤ ከረጋ ተመላሽ ነው። ያለፈው ሁሉ አንድ ትልቅ ታንከር ውስጥ ይገለበጣል። ጭቅጭቁም የሚመጣው በዚሁ በታንከሩ ነው። "ታንከሩ ስም አያውቅም" ትላለች። የማንም ይሁን የማን፣ አንድ ጀሪካን መጥፎ ወተት ከገባ የሁሉም ሰው ልፋት አብሮ ይደፋል።

አሁን ወደ ኦቦ ጃራ ልምጣ። ኦቦ ጃራ ከማኅበሩ የመጀመሪያ አባላት አንዱ ናቸው፤ ሰባን ያለፉ ሽማግሌ። ዙሪያው ሁሉ ቤት ሲሠራበት ለሳቸው የቀረው ከሸንተረሩ ሥር ያለ ቁራጭ ግጦሽና ሁለት ላሞች ብቻ ነው። "ላሞቹ ባይኖሩ ጠዋት የምነሳው ለማን ብዬ ነው?" ይላሉ። አሰጋሽን በስሟ አይጠሯትም። "ማሊፍ" ነው የሚሏት፤ በኦሮምኛ "ለምን" ማለት ነው። ጥያቄዋ የደረሰው ሁሉ የሚያውቃት በዚህ ነው።

በዚህ ዓመት ሸንተረሩ ላይ የኔትወርክ ታወር ተተከለ። ከታወሩ ሥር ያለው ሣር ቢጫ ሆነ። ሠራተኞቹ ሲሚንቶ ያቦኩት እዚያው ላይ እንደነበር ማንም ያየው ነገር ነው፤ ግን ሣር ሲደርቅ ሲሚንቶ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። እሸቴ የሚባል የማኅበሩ አባል አለ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የፈረንጅ ላሞች የሚያረባ፣ ድምፁ ከአካሉ የሚበልጥ ሰው። "ጨረር ነው!" አለ። "ሣሩን ያቃጠለ ጨረር ላሟን አልፎ ወተት ውስጥ አይገባም? ልጆቻችንን ልንፈጅ ነው?" ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ ፈርቶ ነው ያለው። ፈሪ ሰው ደግሞ ብቻውን መፍራት አይወድም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወሬው ውሎ ሳያድር በከሰመ ነበር። የመጣው ግን በሁዳዴ ጾም ነው። በጾም ከተማው ወተት አይፈልግም፤ ማኅበሩም የሚረከበው ከወትሮው ጥቂቱን ነው። ኮሚቴው "ኦቦ ጃራ እስከ ፋሲካ ይቆዩ" ሲል ማንም ምንም አልጎደለበትም። የማይጠጡትን ወተት መጠራጠር ምን ያስቸግራል? ፈቲያ ብቻ፣ ጾሙ የማይመለከታት ሌላዋ የማኅበሩ አባል፣ "ለምን ይቆያሉ?" ብላ ነበር፤ የሰማት የለም። ሳምንታቱ እያለፉ ሲሄዱ ወሬው የታወቀ እውነት መሰለ። በመጨረሻ ኮሚቴው ነገሩን አሰጋሽ ላይ ጣለው፦ ፋሲካ ማግስት ወይ ትቀበላለች ወይ ትመልሳለች። ኦቦ ጃራም ቁርጡን ነገሯት። ከመለሰቻቸው የከብት ነጋዴው በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ አይሱዙ ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱንም ላሞች ይጭናል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልብሴን እያጠብኩ ሳለ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"ኤልሲ፣ ጨረር ወተት ውስጥ ይገባል?"

"አይገባም" አልኳት። እጄ በሳሙና ተነክሮ፣ ወገቤም ደክሞ ነበር።

"ለምን አይገባም?"

"አይገባማ! ወሬ ነው።"

ወደ ቤቷ ገባች። ሳትጠይቅ ስትሄድ ደግሞ አይመችም፤ ስትጠይቅ ይሻላል።

ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ፣ ሹፌሩና ረዳቱ ሲነታረኩ፣ ድንገት ኮሌጅ እያለን ያስተማረን አንድ ሽማግሌ መምህር ትዝ አለኝ። አንዲት ትንሽ የወተት ጥርስ በጣቶቹ ይዞ "ይቺ ጥርስ የአቶም ቦምብ ሙከራ ለማስቆም ረድታለች" ብሎን ነበር። ለፈተና ስለማይመጣ አልጻፍኩትም። ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ፒያሳ ስደርስ መውረዴን ረስቼ ረዳቱ ጮኸብኝ። ቀኑን ሙሉ በሥራ መሃል አነበብኩ። አንብቤ ስጨርስ አፈርኩም ደነገጥኩም፤ ለአሰጋሽ የሰጠኋት መልስ ስህተት ነበር።

ከሥራ ስመለስ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትገባ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ምስር ስትለቅም አገኘኋት።

"ይገባል" አልኳት። "ጨረር ወተት ውስጥ ይገባል። ገብቶም ነበር።"

ምስሩን ወደ ጎን አደረገችው።

ነገርኳት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትልልቆቹ አገሮች የአቶም ቦምባቸውን ሜዳ ላይ፣ አየር ላይ እያፈነዱ ይሞክሩ ነበር። በረሃ ይመርጣሉ፣ ወይም ውቅያኖስ መሃል ያለች ደሴት።

"ሰው የሌለበት?"

"ሰው የሌለበት ብለው። ሰው ግን ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሙከራው ካሰቡት በላይ ሆኖ፣ ነጭ አመድ ከሰማይ እየወረደ የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ላይ ወደቀ። ከተከለከለው ቦታ ውጭ ነበሩ። ሁሉም ታመሙ፣ አንዱ ሞተ።"

"ምን መስሏቸው ነበር አመዱ?"

"መጀመሪያማ ምን እንደሆነ አላወቁም። ከእጃቸው እያራገፉ የማጥመጃ ገመዳቸውን ሰበሰቡ።"

አሰጋሽ እጇን አየች፤ ከምስሩ የተነሳ አቧራ ነበረበት። በቀሚሷ ጠረገችው።

ቀጠልኩ። ከባዱ አመድ እዚያው አካባቢ ይወድቃል፤ ደቃቁ ግን በጣም ከፍ ብሎ ይወጣና ከነፋሱ ጋር ዓለምን ይዞራል። ዝናብ ሲመጣ አብሮ ይወርዳል፣ ሣር ላይ ያርፋል፣ ላም ትግጠዋለች። ውስጡ ስትሮንቲየም የሚባል ነገር አለ፤ ሰውነታችን ካልሲየም ይመስለዋል። እናም እንደ ካልሲየሙ ወተት ውስጥ ይገባል፣ ወተት የጠጣ ልጅ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ይቀመጣል።

"ላሟ አታውቅም?"

"የእኛ አጥንት ያላወቀውን ላሟ ከየት ታውቀው?"

"መንግሥታቱስ?"

"በጣም ትንሽ ነው፣ አይጎዳም ይሉ ነበር። ሰው የሚያምነውን አጣ። ከዚያ አንድ የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ሐኪሞችና እናቶች ተሰባስበው የልጆች የወተት ጥርስ መሰብሰብ ጀመሩ።"

"ጥርስ!" አለችና ሳቀች። "እኛ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ወርውረን፣ ወፏን አዲስ ጥርስ አምጪልኝ ብለን የምንለምንበትን?"

"እሱኑ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጥርስ ነው የተሰበሰበው። ልጆቹ በፖስታ ይልካሉ፤ 'ጥርሴን ለሳይንስ ሰጠሁ' የሚል ደረታቸው ላይ የሚለጥፉት ነገር ይላክላቸዋል።"

"ታዲያ ጣራ ላይ ሳይጥሉት አዲሱ በቀለላቸው?"

"አሰጋሽ!"

"ጠየቅኩ እንጂ።"

በቀለላቸው አልኳት። ጥርሶቹ ሲመረመሩ ግን ሙከራው በበዛባቸው ዓመታት የተወለዱት ልጆች ጥርስ ውስጥ ያ ነገር ከበፊቶቹ ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ "አይደርስባችሁም" ማለት የሚቻል አልነበረም። እናቶች አደባባይ ወጡ። በዚያው ሰሞን ትልልቆቹ አገሮች ጦርነት አፋፍ ደርሰው ተመልሰው ነበርና ራሳቸውም ደንግጠዋል። በ1955 ክረምት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከትልልቆቹ ሦስት አገሮች በአየር ላይ፣ በውሃ ውስጥና በጠፈር ላንሞክር ብለው ፈረሙ። ከመሬት ሥር መሞከሩን አልተዉም፤ በደግነት ብቻ እንዳይመስልሽ አልኳት። ያልፈረሙ ሌሎች አገሮችም ለዓመታት አየር ላይ ማፈንዳታቸውን ቀጥለው ነው የተዉት። ግን አየሩ እየጠራ ሄደ፤ በኋላ የተወለዱት ልጆች ጥርስም እንደዚያው።

አሰጋሽ ቀና ብላ ሰማዩን አየች።

"ታንከር ነው" አለች በመጨረሻ።

"ምኑ?"

"ሰማዩ ነዋ። ከተገለበጠ በኋላ የማን እንደሆነ ማን ይለየዋል።" ወደ እኔ ዞረችና "ኦቦ ጃራ ያኔ ልጅ ነበሩ አይደል? ወተት የሚጠጡ ልጅ። ያ አመድ እዚህስ ዘንቧል?" አለችኝ።

"የበዛው ወደ ሰሜን ነው። ግን ትንሽ ትንሹ ያልነካው አገር የለም ይባላል።"

"ታወሩስ? እውነቱን ንገሪኝ፣ እንደ ቅዳሜው እንዳታደርጊኝ።"

ወቀሳው ይገባኛል። ታወሩ የሚያወርደው አመድ የለውም አልኳት፤ ሞገዱ እንደ ሬዲዮ ነው፣ ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሣር ላይ የሚቀር፣ ላም የምትግጠው ነገር የለም። ራሷን ነቀነቀች። "ይህን ለእሸቴ ብነግረው አያምነኝም" አለች። "ልክም ነው። አንቺስ ሳታውቂ አይገባም ብለሽኝ የለ?" ምስሩን መልቀም ጀመርኩላት።

ፋሲካ ማግስት ክሊኒካችን ዝግ ነበርና እኔም አብሬያት ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር እንዴት እንደምትወጣው ለማየት ነው የሄድኩት። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ኦቦ ጃራ መሃል ላይ፣ ጀሪካናቸውን በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ታቅፈው ቆመዋል። ከፊታቸውም ከኋላቸውም ያለው ሰው አንዳንድ እርምጃ ራቅ ብሏል።

"አካም ጂርቱ፣ ኦቦ?" አለቻቸው አሰጋሽ።

"ፈያ ነኝ፣ ማሊፍ። አንቺስ ዛሬ አትጠይቂም?"

"እጠይቃለሁ" አለችና ወደ ሰልፉ ዞረች። "የፋሲካውን ዶሮ በማን ቅቤ ሠራችሁት?"

ሰው ተያየ። ኦቦ ጃራ ጾሙን ሙሉ ማኅበሩ ያልተረከባቸውን ወተት ባለቤታቸው እየናጡ ቅቤ አውጥተው፣ ለበዓሉ ገበያ ሸጠውት ነበር። የሳቸውን ቅቤ ደግሞ ሱሉልታ ውስጥ የማይሻማ የለም። ፈቲያ ቀድማ ሳቀች፤ ከዚያ ሌላውም። እሸቴ ቀላ።

"ቅቤ ሌላ፣ ወተት ሌላ!" አለ።

"ልክ ነህ፣ ይሄ ማስረጃ አይሆንም" አለችው አሰጋሽ። ሳቁ ቆመ። "እዚሁ መሃላችሁ ጠጥቼ እዩ ብላችሁ እሱም ትርዒት እንጂ ማስረጃ አይሆንም።" ከዚያ የጃፓኖቹን አጥማጆች፣ የሣሩን፣ የላሟን፣ የልጆቹን ጥርስ ታሪክ ነገረቻቸው። እኔ በረንዳው ላይ ከነገርኳት አሳምራ ነው የነገረችው። አባላቱ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጠው ሰሟት።

"ስለዚህ ጨረር ወተት ውስጥ አይገባም አልላችሁም፣ እሸቴ ያለው ከሜዳ የመጣ አይደለም" አለች። "ለይቶ የሚያውቀው ግን ምርመራ ነው። ኤልሲ የምታውቀው ላቦራቶሪ ከተማ አለ። ዛሬውኑ እልካለሁ። የምልከው ግን የኦቦ ጃራን ብቻ አይደለም። የእሳቸውን ብቻ ከላክን ፈርደን ጨርሰናል። የሁላችሁንም እልካለሁ፤ ወተት ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ ይመረምሩታል። ውጤቱ እስኪመጣ ግን የማንንም ወተት በወሬ አልመልስም።"

"ሁሉን?" አለ እሸቴ።

"ሁሉን። ጨረሩንም፣ መድኃኒቱንም።"

ሰዉ ሁሉ ወደ ጀሪካኑ አቀረቀረ። ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ በኋላ ነው ያስረዳችኝ። ላም ጡቷ ታሞ አንቲባዮቲክ ስትወጋ፣ ወተቷ ለጥቂት ቀናት መደፋት አለበት። ላክቶሜትሩም አልኮሉም ይህን አያሳዩም። ስለዚህ የሚደፋም አለ፣ የማይደፋም አለ። አሰጋሽ ከዓመታት ጀምሮ ትጠረጥራለች፤ ማን እንደሆነ ግን አታውቅም ነበር።

መጀመሪያ የተናገረችው ፈቲያ ናት። "የእኔን ዛሬ አትቀበዪው" አለች፣ ጀሪካኗን ወደ ኋላ እየጎተተች። "ላሜ ተወግታለች። ሌላው አይደፋም፣ እኔ ብቻ ለምን እደፋለሁ ብዬ ነው።"

"እኔም እንደዚያው" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ሌላም ተናገረ። እሸቴ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። ያ ትልቅ ድምፁ እንዲህ ሊያንስ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ "ትልቋ ላሜ" አለ፣ "ከበዓሉ በፊት ተወግታለች።"

ይጮሁበታል ብዬ ጠበቅኩ። አሰጋሽ ግን "ለምን አልደፋኸውም?" አለችው፣ እንደ ልማዷ ከልቧ።

"እኔ ስደፋ ያኛው ይሸጣል ብዬ ነዋ።"

"እነዚያም አገሮች እንደዚሁ ነበር የሚሉት" አለች። "እኔ ሳቆም ያኛው ይሞክራል። ሁሉም አንድ ላይ አቆማለሁ እስኪል ድረስ ማንም አላቆመም።"

እዚያው፣ ቆመው ተስማሙ። ላሙን ያስወጋ ሰው ራሱ ይናገራል፤ የተናገረውን ማንም አያማውም፤ መድኃኒቱ እስኪወጣ ወተቱ ታንከር አይገባም። ምርመራውም ይቅር አልተባለም፤ ከየጀሪካኑ ትንሽ ትንሽ ተቀዳ። ከኦቦ ጃራም ተቀዳ።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ጊዜ ጀሪካናቸውን እንዳቀፉ ነበሩ። ተራቸው ደርሶ ፊቷ ሲቆሙ ክዳኑን አልከፈቱም።

"ያ አመድ" አሉ። "እኔም ጋ አለ አልሽ? አጥንቴ ውስጥ?"

አሰጋሽ እኔን አየችኝ። "ትንሽ ሊኖር ይችላል፣ ኦቦ። በጣም ትንሽ።"

"ልጅ ሆኜ የጠጣሁት።"

"አዎ።"

"እነዚያ ሰዎች ማል ጄደን? ምን አሉ? ይቅርታ አሉ?"

"ለእርስዎ አላሉም" አለች። "ግን አቆሙ።"

"አቆሙ?"

"አቆሙ።"

ኦቦ ጃራ የጀሪካኑን ክዳን ፈትተው ከታንከሩ ጎን አኖሩት። ያኔ እሸቴ ከቦታው ወጥቶ መጣና ጀሪካኑን ከክንዳቸው ወሰደው። ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ደነገጥኩ። "ለኪው" አላት አሰጋሽን። ለካችው፤ መለኪያው ቆሞ ተንሳፈፈ። ከአልኮሉ ጋር አደባለቀችው፤ አልረጋም። እሸቴ ጀሪካኑን ወደ ታንከሩ አፍ አንስቶ ቀስ ብሎ ገለበጠው። ሲያልቅ የራሱ ወተት እንደሆነ ሁሉ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ አራገፈው። ባዶውንም ይዞላቸው ተመለሰ፤ ዓይናቸውን ግን ማየት አልቻለም።

"ክዳኑን ረሳኸው" አሉት ኦቦ ጃራ። ሮጦ አመጣላቸው።

ከዚያ ከኮታቸው ኪስ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። "አትምጣ" አሉ ወደ ስልኩ። "አልሸጥም። ሁለቱንም አልሸጥም።" ሰሙ፤ ነጋዴው አንድ ነገር ጠየቃቸው መሰለኝ ፊታቸው በሳቅ ተፈታ። ስልኩን ወደ አሰጋሽ ዘረጉላት።

"'ማሊፍ?' ይለኛል" አሉ። "አንቺው መልሺለት።"

ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቅ የኖረች ሴት ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ድምፅዋን አጠራችና መለሰችለት።

"ወተታቸው ታንከሩ ውስጥ ገብቷል።"